በጓድ ሙሉብርሃን መኪና ውስጥ ያለው ተቃዋሚ

ግንቦት 2 ቀን 1975፣ ማክሰኞ

የፋሲካው ዶሮ ገና ሆዴ ውስጥ እያለ ጋራዡን ከፈትኩ። ካቻቢቴዬን ሳላነሳ የጓድ ሙሉብርሃን ነጭ ፔጆ በር ላይ ቆመ። ጓድ ሙሉብርሃን የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ናዝሬት ውስጥ ስማቸው ሲጠራ ሻዩን አስቀምጦ የማይነሳ ሰው የለም።

እሳቸው አልነበሩም። ሾፌራቸው ፈዬራ ብቻውን ነው የመጣው።

«አካም ጅርቱ ጋሽ ገብረወልድ! ማራገቢያው ታሟል። አንድ ላይ ሲያደርጉት ዝም፣ ሁለት ላይ ዝም፣ ሦስት ላይ ግን አውሎ ነፋስ ነው።»

«ታዲያ በዚህ ሙቀት ሦስት ላይ አድርጋችሁ አትሄዱም?»

ፈዬራ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ በመዳፉ የራሱን ጠጉር ከግራ ጆሮው ወደ ቀኝ ጆሮው አንድ ጊዜ ዳበሰ። «ነፋሱ ከመስታወቱ ሥር ሽቅብ ነው የሚመጣው፤ ጓድን... ያስቸግራቸዋል» አለ ቀስ ብሎ።

ገባኝ። ጓድ ሙሉብርሃን ከግራ ጆሯቸው በላይ ያሳደጉትን ጠጉር በቅባት አስተኝተው ወደ ቀኝ አሻግረው መሐሉን ይሸፍኑበታል። ከተማው በሙሉ ያያል፣ ማንም አላየም። መስኮት እንዳይከፍቱ አቧራውና ነፋሱ አለ። ዘግተው እንዳይሄዱ ይታፈናሉ። ለግንቦት 29 ደግሞ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ መጥተው አብረው ወደ ዝዋይ ይሄዳሉ።

በሽታው ግልጽ ነበር። ሬዚስታንስ የምትባል ጥምዝምዝ ሽቦ አለች። በአንድና በሁለት ላይ ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል ያልፍና ደከም ብሎ የማራገቢያው ሞተር ዘንድ ይደርሳል። በሦስት ላይ እሷን ትቶ በቀጥታ ይሄዳል። እሷ ስትቃጠል ሦስት ብቻ ይቀራል። ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዡ በር ላይ አብዱልመናን ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ ጮኸ።

«ፈዬራ! ሬዚስታንሱ ነው! ተቃጥሏል!»

«ሬዚስታንስ አይደለም» አልኩ። «ሞተሩ ነው።»

ሙያ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሳይነኩ መናገር የእሱ ልማድ ነው።

ከአብዱልመናን ጋር በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ተምረን፣ አሥራ አራት ዓመት በአንድ የመሣሪያ ሳጥን ሠርተናል። ሳንነጋገር ሁለት ዓመታችን ነው። የአሰላውን አውቶቡስ የባትሪ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አገላብጦ አስሮ ሽቦውን በሙሉ ያቃጠለው እሱ ነው። እኔ አይደለሁም።

ግንቦት 3

ሞተሩን አወጣሁ። ጤነኛ ነው። የተወለወለ ጤነኛ። አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ መለስኩት። አንድ ብሎን ተረፈ። ፈረንሳዮች ብሎን ያበዛሉ።

ግንቦት 5

ፈዬራ ተመለሰ። ያው ነው። አንድ ዝም፣ ሁለት ዝም፣ ሦስት አውሎ ነፋስ።

አብዱልመናን ከማዶ ሆኖ አልሳቀም። ይህ ከመሳቅ ይብሳል።

ማታ ባለቤቴ ዘመናይ «ለመሆኑ ስትሠራ መነጽርህን ታደርጋለህ?» አለችኝ። መነጽር ለሚያነብ ሰው ነው አልኳት። ሽቦ በእጅ ነው የሚታወቀው። እሷ ግን አብዱልመናን ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። አብዱልመናን ምን አገባው? ስለ እሱ ማውራት አልፈልግም። ስለ እሱ ማውራት እንደማልፈልግ ሳስረዳት እራቱ ቀዘቀዘ።

ግንቦት 8፣ ሰኞ

ዛሬ ራሳቸው መጡ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ድንገት ሥራ በዝቶበት ወደየቤቱ ገባ።

«ጓድ ገብረወልድ፣ የሰጠንህ መኪና ነው ወይስ እስረኛ? ስንት ጊዜ ነው የሚመረመረው?»

«በጥንቃቄ እየሄድኩበት ነው ጓድ።»

«እንግዳው በ29 ይደርሳሉ። በእንግዳው ፊት አብዮቱ...» እጃቸው ወደ ጭንቅላታቸው ተነሳችና ከመንገድ ተመለሰች። «...አብዮቱ እንዳይበተን።»

«አይበተንም ጓድ።»

ጭንቅላታቸውን እንዳላይ ጫማቸውን አየሁ። ከዚያ ጫማቸውን አፍጥጬ ማየቴን ያያሉ ብዬ ሰማይ አየሁ። «ሰማይ ላይ ምን አለ?» አሉኝ። «ዝናብ የለም ጓድ» አልኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ እንግዲህ።

ግንቦት 10

ማብሪያው ነው። በእርግጠኝነት። ፈታሁት። ከኋላው ስድስት ሽቦ። ሁለቱ ቀለማቸው ይመሳሰላል። ወይ ይለያያል። መሸት ብሎ ስለነበር አላየሁም። አሰርኩት። ማራገቢያው ባይነሳም አንድ ላይ ሳደርገው ከፊት ለፊት የሆነ ነገር እንቅስቅስ ያለ መሰለኝ። ጥሩ ምልክት ነው። ነገ ይወስዱታል።

ግንቦት 13፣ ቅዳሜ

ወየው።

ፈዬራ መጥቶ ነገረኝ። ጓድ ሙሉብርሃን ወደ ሞጆ ሲሄዱ ቀብር አጋጠማቸው። ሕዝቡ እስኪያልፍ በአክብሮት መኪናውን አስቆሙ። ሙቀቱ ሲበረታባቸው ማራገቢያውን አንድ ላይ አደረጉት። ማራገቢያው ዝም። የዝናብ መጥረጊያዎቹ ግን ተነሡ! በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ደረቅ መስታወት ላይ ግራ ቀኝ ይሉ ጀመር። ጭርር፣ ጭርር። አልቃሾቹ ዝም ብለው መኪናውን ያያሉ። ጓድ ለማጥፋት ሁለት ላይ ቢያደርጉት መጥረጊያው ፈጠነ።

«አንዲት አሮጊት ምን አሉ መሰለዎት?» አለኝ ፈዬራ። «"እዩት፣ መኪናው እንኳ እንባውን ጠረገለት" ብለው እንደገና አለቀሱ።»

«ጓድስ ምን አሉ?»

«ጓድ ምንም አላሉም። ግን የጋራዡን ቁጥር ጻፉ።»

ለምን ይጽፋሉ? የት እንደሆነ ያውቁታል።

ግንቦት 14

የጋራዡን ቁጥር ለምን ጻፉ?

ግንቦት 16

ማብሪያውን እንደነበረ አሰርኩ። ከዚያ ምርመራዬ በራሱ መንገድ ወደ ሬዚስታንሱ አመራ። ይህ የሁለት ሳምንት ሥርዓት ያለው ጥናት ውጤት እንጂ የማንም ጩኸት ውጤት አይደለም። ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከነፋሱ መንገድ ላይ ተቀምጣለች። አወጣኋት። ሽቦዋ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ከስሏል።

አብዱልመናን እንዳያይ በጨርቅ ሸፍኜ ወደ ውስጥ አስገባኋት። ከማዶ ሆኖ «ምንድን ነው የደበቅከው?» አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። «ምሳዬን» አልኩ። እኔም ያናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

ግንቦት 17

ዕቃው ናዝሬት የለም። ቢሾፍቱም የለም። በመሥሪያ ቤቱ በኩል ከአዲስ አበባ መጠየቅ አለበት ተባልኩና የግዥ ጸሐፊው ንዋይ ዘንድ ሄድኩ። ንዋይ ንጹሕ ወጣት ነው፣ ሸሚዙም እጅ ጽሑፉም። ባለፈው ወር ከደብዳቤዎች ውስጥ ባዕድ ቃላትን በማጥፋቱ በስብሰባ ተመስግኗል።

«ሬዚስታንስ በአማርኛ ምን ይባላል?»

«እኛ ሬዚስታንስ ነው የምንለው።»

«ባዕድ ቃል አላስገባም። ሥራው ምንድን ነው?»

«ኤሌክትሪኩን ይቃወመዋል። እንደፈለገው እንዳይሮጥ ይይዘዋል።»

«ይቃወማል...» አለና ፊቱ በራ። ጻፈ፣ ጻፈ፣ በማኅተም መታ። እኔም ከታች ፈረምኩ። መነጽሬ ቤት ነበር። ደግሞስ ለአንዲት ሽቦ ምን ይነበባል?

ግንቦት 20

ንዋይ ደብዳቤው በየደረጃው ተላከ አለኝ። ስድስት ግልባጭ። ለአንዲት ሽቦ! የመንግሥት ሥራ እንደዚህ ሲቀላጠፍ አይቼ አላውቅም።

ግንቦት 22

ሁለት ሰዎች በር ላይ። «ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ።» ዘመናይ ጃኬት ያዝ ትላለች። በዚህ ሙቀት። ምን አደረግኩ? የአውቶቡሱ ነገር ይሆን? የአውቶቡሱ ከሆነ

ግንቦት 25፣ ሐሙስ

ቤቴ ነኝ። ዘመናይ ሁለት ጊዜ ታጥባኛለች። አሁን ሁሉንም እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ ደብተሩን ከጎማዎቹ ሥር እደብቀዋለሁ።

ሦስት ሌሊት በአንዲት ጠባብ ክፍል ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር አደርኩ። «አንተን በምንድን ነው?» ይሉኛል። «በመኪና ማራገቢያ» ስላቸው ሊናገር ያልፈለገ ጥብቅ ሰው መስያቸው ደህናውን ቦታ ለቀቁልኝ። አንደኛው «ጎበዝ፣ እንዳታወጣ!» ብሎ ትከሻዬን ጨበጠኝ። ምን እንደማላወጣ ባውቅ አላወጣም ነበር። ቀን ቀን እንደዚያ እንሳሳቃለን። በሩ ሲከፈትና ስም ሲጠራ ግን ትንፋሽ እንኳ አይሰማም።

ዛሬ ጠዋት የእኔ ተጠራ። ጠያቂው እርሳሱን በየጊዜው የሚቀርጽ ቀጭን ሰው ነው። ደብዳቤውን አንሥቶ አነበበልኝ።

«"በጓድ ሙሉብርሃን መኪና ውስጥ ከመስታወቱ ሥር ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የነበረው ተቃዋሚ የተቃጠለ ስለሆነ፣ እንግዳው ከመድረሳቸው በፊት ሌላ ተቃዋሚ በአስቸኳይ እንዲላክልን እንጠይቃለን።" ፊርማው የአንተ ነው?»

«የእኔ ነው ጓድ።»

«ማነው ተቃዋሚው?»

«ሬዚስታንሱ ነው።»

«የውጭ ዜጋ ነው?»

«ፈረንሳይ ነው የተሠራው።»

ጻፈ። «ከማን ጋር ነው የሚሠራው?»

«ከማራገቢያው ጋር።»

«ምንድን ነው የሚያራግበው?»

«ነፋስ ጓድ።»

«ወሬ አያራግብም?»

«ነፋስ ብቻ።»

«ተቃዋሚዎቹ ስንት ናቸው?»

«ሁለት። አንዱ ለአንድ፣ አንዱ ለሁለት። ሦስት ላይ ተቃዋሚ የለም።»

«ሦስተኛው የት ሄደ?»

«ሦስተኛ ኖሮም አያውቅም። ሦስት ቀጥታ ነው።»

«እና ማን አቃጠላቸው?»

«ራሳቸው ናቸው። ሲሞቃቸው ጊዜ።»

እርሳሱን ቀረጸ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሾፌሩ ግንቦት 2 ነው መኪናውን ያመጣልህ። አንተ ያጋለጥከው ግንቦት 17 ነው። በመሐሉ ምን ትሠራ ነበር?» አለኝ።

«ሞተሩ ነው ብዬ ነበር።»

«ተቃዋሚው መሆኑን መቼ አወቅህ?»

ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን የእርሳስ ቅርፊት መቁጠር ጀመርኩ።

«መቼ አወቅህ ነው የምልህ!»

«ከመጀመሪያው ቀን!» አልኩ። «ከመጀመሪያው ደቂቃ አውቅ ነበር! አብዱልመናን ቀድሞኝ ስለተናገረ ነው!»

ይህን ያልኩት በጭንቀት ነው። ሰው በጭንቀት ብዙ ነገር ይላል።

«አብዱልመናን ደግሞ ማነው?» ብሎ ስሙን ሊጽፍ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፍ፣ በዚያ ቅጽበት ምላሴን ነክሼ ብጥለው ደስ ባለኝ። ሰውየውን ጎትቼ ማስገባቴ ነው። በሩ ተንኳኳ። ዘበኛው «አንድ ሰው ባትሪ ተሸክሞ መጥቶ ካልገባሁ ብሏል» አለ።

አብዱልመናን ነበር። በዚያ ቤት ሰው ተጠርቶ እንኳ በእንብርክክ ይገባል፤ እሱ ሳይጠራ መጣ። የጭነት መኪና ባትሪ ትከሻው ላይ፣ አምፖልና ሽቦ በኪሱ፣ የባለቤቱን የከሪማን ፎርኔሎ በብብቱ ሥር ይዞ። ላቡ በጢሙ ይወርዳል። ወደ እኔ አላየም።

«ጓድ፣ ተቃዋሚውን ላሳይዎት ነው» አለ።

ጠያቂው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

አብዱልመናን ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አምፖሉን አገናኘ። ቦግ አለ። «ይህ ሦስት ነው። ሙሉ ኃይል።» ከፎርኔሎው ጥምዝምዝ ሽቦ ቆርጦ በመሐል አስገባ። አምፖሉ ደብዘዝ አለ። «ይህ አንድ ነው። ይህች ሽቦ ናት ተቃዋሚው።» አወጣ፣ ቦግ። አስገባ፣ ደብዘዝ። ጠያቂው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «ለእኔ ስጠኝ እስቲ» አለና ራሱ አስገባ፣ አወጣ፣ አስገባ። እንደ ልጅ ፈገግ አለ። ሽቦው ጣቱን ሲያቃጥለው ፈገግታውን አቆመ።

«ታዲያ ይህ ተቃዋሚ ይጠቅማል ነው የምትለኝ?»

«ያለ እሱ ጓድ፣ ያለው ነገር ሁለት ብቻ ነው» አለ አብዱልመናን። «ወይ ጨርሶ ዝም፣ ወይ በሙሉ ኃይል መንፋት። ቀስ ማለት አይችልም።»

ጠያቂው በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ የተቃጠለ ጣቱን አየ።

«ይህን ሌላ ቦታ እንዳትናገሩት» አለ። ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው። «ውጡ።»

መንገድ ላይ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ ዘጋሁት! በመጨረሻ «ባትሪው ይከብድሃል፣ እኔ ልያዘው» አልኩት።

«ተወው» አለ። «ታገላብጠዋለህ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ቤት ስደርስ ዘመናይን ማን ላከው ብዬ ጠየቅኳት። ማንም አልላከውም። እሷ ልትለምነው ወደ እሱ ጋራዥ ስትሄድ እሱ በሩን ዘግቶ ወጥቷል።

ግንቦት 26

ዕቃው ከአዲስ አበባ አይመጣም። ንዋይ ጥያቄውን «በስህተት የተጻፈ» ብሎ ሰርዞታል፤ ስህተት የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ሦስት ቀን ቀረን።

የከሪማ ፎርኔሎ ሽቦ ተርፏል። ጠዋት መንገዱን ተሻግሬ «ከዚህ እንሥራት?» አልኩት። አብዱልመናን ወንበር ገፋልኝ።

ዘመናይ የእኛን ፎርኔሎ ለከሪማ ሰጥታለች። የዛሬ ምሳችንም እዚያው ቤት ነው የተሠራው። ሴቶቹ ሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ አይመስሉም። ለካስ እነሱ መነጋገር አቁመው አያውቁም። ይህን ዛሬ ነው ያወቅኩት።

ግንቦት 27

ሠራናት። ሽቦውን በተሰበረ የሸክላ ቁራጭ ላይ ጠመጠምን። ትንሽ ስናሳጥረው ይፈጥናል፣ ትንሽ ስናስረዝመው ይደክማል። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ ማብሪያውን እይዛለሁ። ከነፋሱ መንገድ ላይ መለስናት፤ ነፋሱ ካላቀዘቀዛት ያቺም ትቃጠላለች።

አንድ ላይ አደረግኩት። ሽው አለ፣ እንደ ሰው ትንፋሽ። አብዱልመናን ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ላባ አስቀመጠ። ላባው ትንሽ ተነቃነቀና ተኛ። ፈዬራ «አልሐምዱሊላሂ!» አለ፤ ክርስቲያን ነው።

ግንቦት 29

ሄዱ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ምንም አልሠራሁም። አብዱልመናንም አልሠራም። ጥፍሩን ይበላል።

ሰኔ 1፣ ረቡዕ

ፈዬራ መጣ። ቁጭ አድርገን አስተረክነው።

እስከ መቂ ድረስ በአንድ ላይ፣ ሁሉም ሰላም። ጓድ ሙሉብርሃን በደስታ ስለ ገበሬ ማኅበራት ያስረዳሉ። ጠጉራቸው እንደተኛ። መቂን ሲያልፉ እንግዳው ኮታቸውን አወለቁ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ «ኧረ ጓድ፣ ይህ ነገር ከዚህ የተሻለ አይነፋም?» አሉና በገዛ እጃቸው ሦስት ላይ አደረጉት።

አብዱልመናን ጭንቅላቱን ያዘ።

«ልክ እንደሱ!» አለ ፈዬራ። «ጓድም ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንደያዙ እስከ ዝዋይ። እንግዳው "ራስዎን ያምዎታል እንዴ?" አሏቸው። "አዎ ጓድ፣ ይፈልጠኛል" አሉ። እንግዳው አዝነው አስፕሪን ሰጧቸው። ያለ ውሃ ዋጡት። ሲመለሱም ያዙ። ሲመለሱም አስፕሪን ዋጡ።»

«እኛንስ ምን አሉ?» አልኩ።

«"ሠራተኞቹ ጎበዞች ናቸው፣ ሦስቱም ይሠራል" አሉ እንግዳው። ጓድ እሺ ከማለት ሌላ ምን ይበሉ?»

ፈዬራ ከሄደ በኋላ ከአብዱልመናን ጋር ተያየን። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እኔ እስከማለቅስ ሳቅኩ።

ሰኔ 4፣ ቅዳሜ

የእነአብዱልመናን ጾም ነገ ይገባል ተብሏል። ዛሬ አብረን ምሳ በላን። ስለ አሰላው አውቶቡስ አነሣሁ። ብዙ አላወራሁም። ያን ቀን መነጽሬን እንዳልያዝኩ ብቻ ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ስታስር አይቼሃለሁ።»

«አይተህ ዝም አልከኝ?»

«ነግሬህ ነበር እኮ። "ተገላብጧል" ስልህ "አልተገላበጠም" ብለህ ቁልፉን አዞርከው።»

ይህን አላስታውስም። ሊሆን ይችላል። ሆኗል።

ሰኔ 9

ትናንት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። አቧራው ጋደም ብሏል።

ከሁሩታ የመጣ አንድ ፒክአፕ በር ላይ ቆሞ አልነሣም አለ። ባለቤቱ ቁልፉን ሲያዞር ጥርቅ ጥርቅ ብቻ ይላል፣ መብራቱም ይፈዛል። ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ ባትሪው መሆኑን አወቅኩ። አብዱልመናን ከማዶ ቆሞ ያያል። በጾሙ ከንፈሩ ደርቋል። አንዳች አልተናገረም፣ እኔን ይጠብቃል።

«አብዱል» አልኩት፣ «አንተ ምን ይመስልሃል?»

«ባትሪው» አለ።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። ምላሴ ላይ «ማስነሻው ሞተሪኖ ነው» የሚል ቃል መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ልክ ነው» አልኩ። «ባትሪው ነው።»